ዜሮም ይጻፋል፤ የዝናብ ደብተራችን ነገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

በየዓመቱ እዚህ ቆመን የምናነብላችሁ የቁጠባውን፣ የብድሩንና የወለዱን ሒሳብ ነው። እሱ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ቀርቧል። አሁን የምንናገረው ከገንዘቡ መዝገብ ጎን ስለምንይዘው ሌላ ደብተር ነው፤ እናንተ "የዝናብ ደብተር" ስለምትሉት። ባለፈው ዓመት ሊጎበኙን የመጡ ደጋፊዎቻችን "የቁጠባ ማኅበር ዝናብ ምን አስለካው?" ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ዕለት አጭር መልስ ሰጥተን አለፍነው። ረጅሙ መልስ ጥፋታችንን መናገር ስለሚጠይቅ ነው ያሳጠርነው። ዛሬ ግን ሙሉውን እንናገራለን።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም ሲጋመስ ነው። በማንኩሳ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናታችን ለማዳበሪያና ለበርበሬ ማሳቸው 5000 ብር ተበድረው ነበር። አንድ ቀን ቢሯችን መጡና "ልጆቼ፣ ማሳዬን በረዶ መታብኝ፤ የመክፈያውን ጊዜ አራዝሙልኝ" አሉን። መቼ እንደሆነ ጠየቅናቸው። "ማክሰኞ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ" አሉ። የኮሚቴ አባላቱ እርስ በርስ ተያየን። ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ልብስ አጥበን በፀሐይ ያሰጣንበት ቀን ነው። "ማክሰኞማ ፀሐይ ነበር እትዬ" አልናቸው። እሳቸውም "ልጆቼ፣ እናንተ ከተማ ተቀምጣችሁ የኔን ደመና በምን ታዩታላችሁ?" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሄደን አላየንም። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በመኪና ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። ግን አልሄድንም። የመክፈያው ቀን የታኅሣሥ መጨረሻ ነበር፤ ቀኑ አለፈ። በደንባችን መሠረት 5 በመቶ፣ ማለትም 250 ብር ቅጣት ጻፍንባቸው። የጻፍነው እኛው ሒሳብ የምንይዘው ነን፤ በንጹሕ እጅ ጽሕፈት፣ ቀንና ቁጥር ሳይጎድል ነው የጻፍነው። በየካቲት እናታችን ጊደራቸውን ሸጠው ብድሩንም ቅጣቱንም ከነወለዱ ከፈሉ። ደረሰኝ ቆረጥንላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ስብሰባ አልመጡም።

በሚያዝያ ከእኛ አንዷ ለለቅሶ ወደዚያው ሄደች። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ያን ቀን "የበረዶው ማክሰኞ" እያሉ ሲያወሩ ሰማች። ከመንገዱ ወዲያ ያለ አንድ ቤት ቆርቆሮው ላይ የበረዶው ምት አሁንም ይታያል። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ጎረቤት ግን በርበሬውን በሰላም ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ቡሬ ገበያ ሸጧል። እናታችን እውነታቸውን ነበር። እኛም ማክሰኞ ፀሐይ ነበር ያልነው እውነት ነበር። ሁለቱም እውነት ሆኖ ሳለ አንዱ ብቻ ነው ደብተር ላይ የተጻፈው፤ እሱም ቢሮ የተቀመጠው ሰው እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩን መማር የጀመርነው። የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

በክረምት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጠዋት ገለጥ ብሎ ይነጋል። ፀሐይዋ እርጥቡን መሬት ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ደመና ይከመራል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና ነጎድጓዱ ይጀምራል። ደመናው ከፍ ብሎ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነው ቦታ ሲደርስ በውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ሽቅብ የሚገፋው ነፋስ ብርቱ ከሆነ የበረዶዋን ፍሬ አየር ላይ ያቆያታል፤ በላይዋ ሌላ ውሃ እየቀዘቀዘባት ትወፍራለች። ትልቅ የበረዶ ፍሬ ሰንጥቃችሁ ብታዩ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ነፋሱ ሊሸከማት የማይችልበት ክብደት ላይ ስትደርስ ትወድቃለች።

በእኛ ዓይነቱ ሞቃታማ የምድር ክፍል የዜሮ ዲግሪው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ቡሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ። ስለዚህ በረዶው ወደ እኛ ለመድረስ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው፤ ሳይቀልጥ ይደርሳል። እንደ መተማ ባለ ቆላ ግን ብዙው መንገድ ላይ ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ደጋና ወይና ደጋው በረዶ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ነገር፣ በረዶ እንደ ሐምሌ ካፊያ አገር ምድሩን አይሸፍንም። ደመናው እየተጓዘ ስለሚጥለው ጠበብ ያለ፣ እንደ ተዘረጋ መቀነት የረዘመ መሬት መትቶ ያልፋል። ከመቀነቱ ውጭ ያለው ሰው ላይ ፀሐይ ልትወጣ ትችላለች። ለበረዶ ምስክር የሚሆነው እዚያው ያለ ሰው ብቻ ነው።

"ታዲያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለ፤ ሥራውንም እናከብራለን። የሜትሮሎጂ አገልግሎት ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የምዕራብ አማራ ማዕከሉ ባሕር ዳር ነው። የየወቅቱንና የየአሥር ቀኑን ትንበያ ያወጣል። በየከተማው ካሉት ጣቢያዎች ብዙዎቹ የሚለኩት ዝናብ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ የሚያነብ አንድ የአካባቢው ሰው አለ። የሀገራችን የዝናብ ታሪክ የተጻፈው በእነዚህ ስማቸው በማይነሳ ሰዎች እጅ ነው። እኛም ሰዓቱን ከእነሱ ወሰድን።

ግን ራዲዮ የሚናገረው ስለ ሰፊ አገር ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ በሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ምክንያት በብዙ የሀገራችን ክፍል ዝናብ አጠረ፤ በማግስቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። በ2012 ዓ.ም. መኸር ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው እጅግ በመሞቁ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ጣለ። እንዲህ ያለውን ከመሥሪያ ቤቱ እንሰማለን፤ እኛ ልናውቀው አንችልም። ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በእትዬ ማሳ ላይ የሆነውን ግን ራዲዮ ሊነግረን አይችልም። ያንን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። መለኪያችን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ትልቅ ጠርሙስ እንመርጣለን፤ አንገቱ ላይ እንቆርጠዋለን፤ የተቆረጠውን ገልብጠን እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ እናስቀምጠዋለን። ይህ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ነፋስ እንዳይጥለው ጠጠር እንጨምርበትና ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ እናፈስበታለን። የውሃው ልክ ላይ መስመር አስምረን "ዜሮ" እንላለን። ከዚያ ወደ ላይ የተማሪ ማስመሪያ እንለጥፋለን። አንዷ የማስመሪያዋ ትንሿ መስመር አንድ ሚሊ ሜትር ነች። ከዛፍና ከቤት እናርቀዋለን፤ ዛፉ 5 ሜትር ቢረዝም ቢያንስ 10 ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብበን፣ ጽፈን፣ ውሃውን ወደ ዜሮው መስመር እንመልሳለን።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ያላት እናት 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብላት እስከ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጄሪካን ውሃ ከጣራዋ ይወርዳል። ጥቂት ይባክናል፤ ቢሆንም አሸንዳ ገጥማ ብታጠራቅመው ስንት ጊዜ ከመመላለስ ያድናታል።

በደብተሩ ላይ አጥብቀን የያዝናት አንዲት ሕግ አለች። ካልዘነበ "0" ይጻፋል። መለካት ከተረሳ "አልተለካም" ይጻፋል። ባዶ አይተውም፤ በግምትም አይሞላም። ኮሌጅ ሒሳብ ስንማር መጀመሪያ ከተማርነው ነገር አንዱ ይህ ነበር፤ ዜሮ ገንዘብ እና ያልተቆጠረ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ዝናብም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አካባቢ አባላት በዘነበ ቀን ብቻ ነበር የሚጽፉት። ክረምቱ ሲያልቅ ባዶዎቹ ቀናት ደርቀው ይሁን ተረስተው መለየት አቃተን። የዚያ ዓመት ደብተር ግማሹ ሥራ ላይ አልዋለም።

በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰዓቱን፣ የቆየበትን ጊዜና የፍሬውን መጠን እንጽፋለን። መጠኑን በምናውቀው ነገር ነው የምንለካው፤ እንደ ምስር፣ እንደ ሽምብራ፣ እንደ ባቄላ፣ እንደ እንቁላል እያልን። ይህ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማትችል እናትም ትናገራለች፣ ልጇ ትጽፋለች።

የአባቶችንና የእናቶችን ዕውቀትም አልተውንም። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች። አዛውንቶቻችን ደመናው በየት በኩል እንደ ወጣ፣ ነፋሱ ወዴት እንደ ዞረ አይተው ይናገራሉ። ይህንንም ጎን ለጎን እንጽፋለን። አንዳንዱ ከልኬታችን ጋር ይገጥማል፣ አንዳንዱ አይገጥምም። ሁለቱንም ስንጽፍ ማንም አልተቀየመንም፤ እንዲያውም "የኔን ጻፋችሁት ወይ?" እያሉ ይጠይቁናል።

ይህ ሁሉ ምን ለወጠ? ሦስት ነገር እንናገራለን።

መጀመሪያ፣ የብድር ደንባችን ተለወጠ። ማሳዋ በበረዶ ወይም በጎርፍ የተመታባት አባል በሦስት ቀን ውስጥ ታስታውቃለች፤ ሁለት አባላት ሄደው ያያሉ፣ በስልክ ፎቶ ያነሳሉ፣ የአካባቢውን ደብተር ይመለከታሉ። እውነት ሆኖ ሲገኝ መክፈያው ወደሚቀጥለው ምርት ይተላለፋል፣ ቅጣት አይጻፍም። "ሁሉም በረዶ መታኝ ቢል ገንዘባችን ያልቃል" ብለው የፈሩ አባላት ነበሩ። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር፤ የማኅበሩ ገንዘብ የድሃ እናቶች ገንዘብ ነው። እስካሁን ግን ሄደን ሐሰት ሆኖ ያገኘነው የለም።

ሁለተኛ፣ የመሰብሰቢያው ወቅት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ጤፉ ታጭዶ፣ በቆሎው ተቆርጦ፣ በርበሬው ስጥ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሚመጣ ዝናብ ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ ይጎዳናል። የረጠበ በርበሬ ይጠቁራል፣ ይሻግታል፤ ነጋዴው ዋጋ ይሰብርበታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ስለሚችል ለቤትም አይሆንም። አሁን ትንበያ ስንሰማ በየቡድኑ እንደዋወላለን። አንድ ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል ተብሎ፣ ተደዋውለን፣ ተረዳድተን የአቅመ ደካሞችን ነዶ በአንድ ቀን ከመርን፣ ስጡን አነሳን። በማግስቱ ማታ ዘነበ። በሌላ ጊዜ ግን እንዲሁ ተጣድፈን አስነሳን፣ አንድ ጠብታም አልወረደም። የቀን ሠራተኛ ቀጥራ ያስነሳች አባላችን በኪሳራዋ ተቆጥታናለች፤ እውነቷን ነው። ያንንም ጽፈነዋል። አሁን "ይዘንባል" አንልም፤ "ሊዘንብ ይችላል፣ ሸራ አዘጋጁ" ነው የምንለው።

ሦስተኛው የልጆቻችን ነገር ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን ከብት ይጠብቃሉ። መብረቅ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህችን እያንዳንዷ እናት ለልጇ ታስተምር። ብልጭታውን ሲያዩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባቸው የሚችል ቅርብ ነው፤ ወደ ቤት ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር፣ ዋርካም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ አይጠለሉ። ከኮረብታ ላይ ይውረዱ፣ ከውሃ ይውጡ፣ ማጭዱንና መቆፈሪያውን ይጣሉ፣ ተቃቅፈው አይቁሙ። ቤት ውስጥም ከግድግዳና ከምሰሶ ራቅ ይበሉ። በመብረቅ የተመታ ሰው ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። መንካት አያስፈራም፤ ትንፋሹ የቆመ ከሆነ ፈጥኖ መርዳት ሊያድነው ይችላል። ይህን ባለማወቅ ሰው ቆሞ የሚያይበት ጊዜ ሊበቃ ይገባል።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። በሒሳብ ሥራ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ አይሰረዝም። አዲስ መስመር ላይ የማረሚያ ጽሑፍ ይጻፋል፤ ስሕተቱም እርማቱም አብረው ይታያሉ። እኛም እንዲሁ አደረግን። "በስሕተት የተወሰደ ቅጣት ተመላሽ፣ 250 ብር" ብለን ጽፈን፣ ኮሚቴው በሙሉ ይዞላቸው ሄደ። "ይቅር ይበሉን እትዬ" አልናቸው። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ቡናም አፈሉልን። ጊደሯን ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም። ያን ጊዜ የተሸጠችው ጊደር ዛሬ ላም ትሆን ነበር። ለዚህ የሚሆን የማረሚያ መስመር የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም።

ስለ ዝናብ ደብተሩ ነግረን፣ መለኪያው እሳቸው ጓሮ እንዲቆም ስንጠይቃቸው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩትና "የሰውን ቃል ያላመናችሁ፣ የላስቲክ ጠርሙስ ልታምኑ?" አሉን። መልስ አልነበረንም። ዛሬም ይህን ጥያቄ እናስታውሰዋለን። ደብተሩ እናቶችን የምንጠረጥርበት መሣሪያ ከሆነ ይቅርብን። የጀመርነው ማሳቸው ሲመታ ማስረጃ ይሆናቸው ዘንድ ነው፤ ደብተሩ ዝም ባለበት ጊዜ ደግሞ ሄዶ ማየት የእኛ ግዴታ ነው። ጠርሙሱ በመጨረሻ ጓሯቸው ቆመ፤ የምታነበው ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ነች። እሳቸው አሁንም አልፎ አልፎ ብቻ ነው ስብሰባ የሚመጡት። ደብተሩን ግን በየወሩ ይልኩልናል፤ አንድም ቀን ባዶ የለበትም።

ስለዚህ የምንለምናችሁን እንለምን። አባሎቻችን፣ በየቀበሌው ያለ ቡድን ሁሉ ሚያዝያ ሳያልቅ አንዲት ለኪ ይምረጥ፤ ከማንበብ ሥራዋ የሚያግዳት ሲኖር የምትተካትንም ይምረጥ። ጠርሙስና ማስመሪያ ይበቃል፤ ደብተሩን ከቢሮ እንሰጣለን። ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የስጥና የክምር መሸፈኛ ሸራ ነው፤ ትንበያ ሰምቶ ሸራ ማጣት ከንቱ ጭንቀት ነውና። ሁለተኛው የኛን ጠርሙሶች የምናመሳክርበት አንድ ትክክለኛ የዝናብ መለኪያ ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ አባቶቻችን። ደመናውን ልናቆመው አንችልም። በማን ማሳ ላይ እንዳለፈ ግን ልንጽፍ እንችላለን፤ ጽፈንም ልንተማመን እንችላለን። መጪውን ክረምት የምሕረትና የበረከት ያድርግልን።